ካርቦን የለበሰችው ጀልባ

መቀሴን ያበላሸብኝ ካርቦን ነው። ሰው ስለዚያ እሁድ ሲጠይቀኝ ከመቀሱ ነው የምጀምረው። ስለ መቀሴ ሳወራ እናደዳለሁ፣ ስናደድ ደግሞ ድምፄ አይንቀጠቀጥም።

ሐኒ እባላለሁ፤ ቡራዩ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ባሌ በሪሁን ከእኔ አጠገብ ባለው ክፍል ፋይበር ይሠራል። የተሰበረ የሚኒባስ ፓራውልት፣ የተሰነጠቀ የባጃጅ ፊት፣ የሚያፈስ የውሃ ታንከር ሁሉ እሱ ጋ ነው የሚመጣው። ክፍሎቻችንን የሚለየው አንድ ስስ ቺፕውድ ስለሆነ እሱ ፋይበር የሚያጣብቅበት ሬዚን ሽታ የእኔን ደንበኞች ያስነጥሳል፣ የእኔ ሲንጀር ጩኸት ደግሞ የእሱን ራስ ያዞራል። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል። እኛ የምንቀዳው ከአንድ ቆጣሪ ነው፤ መብራት ሲሄድም አብረን ነው የምንጨልመው።

በሪሁን ደህና ሰው ነው፣ እሁድ እሁድ ግን ልጅ ይሆናል። ከሰበታ፣ ከቡራዩና ከሱሉልታ የተሰባሰቡ ጥቂት ጎረምሳ ነን ባይ አባወራዎች በሪሞት የሚነዳ ጀልባ በብርድ ልብስ ጠቅልለው ሱሉልታ ይሄዳሉ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ ድንጋይ ይፈለጥበት የነበረ አንድ የተተወ ካባ አለ። ክረምት ውሃ ይሞላዋል፣ ከዚያ እስከ ጥር ድረስ ሐይቅ ነኝ ብሎ ይቀመጣል። በአንድ በኩል ተቆርጦ የቀረ ገደል፣ በሌላው በኩል ሣር ነው። ሰዎቹ ሣሩ ላይ ቆመው የክንድ ያህል ርዝመት ያላቸውን ጀልባዎቻቸውን ያሽቀዳድማሉ። ያሸነፈ ምንም አያገኝም፤ የተሸነፈ ግን ሳምንቱን ሙሉ በስልክ ይሰደባል።

የህያ ከእነሱ አንዱ ነበር። እሱና ሚስቱ መብሩካ ሰበታ ላይ የጥራጥሬና የለውዝ መደብር አላቸው። አላቸው አልኩ እንዴ? አሁን የእሷ ብቻ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት የህያ ጀልባውን ሲያበርር ከገደሉ ስር ካለ ድንጋይ ጋር አጋጫት፣ ሆዷ ተሰነጠቀ፣ ውሃ ገባባትና እዚያው ማዶ ቆመች። ውስጧ ፎም ስላለ አትሰምጥም፤ ዝም ብላ ተንሳፈፈች። የህያ ሸሚዙን አውልቆ ገባ። ዋና ይችላል። ያ ውሃ ግን ከላይ ፀሐይ ያየዋል እንጂ ከስር በረዶ ነው። ጀልባዋ ጋ ሳይደርስ እጁን ወደ ላይ አነሳ። የሚቀልድ መስሏቸው ሳቁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ እንዲህ መሆኑን ግን አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ ሰዎቹ አንድ ሕግ አወጡ። የቆመ ጀልባ ይቆማል፤ ማንም ተከትሎት ውሃ ውስጥ አይገባም። በሪሁን ደግሞ ለእኔ ለብቻዬ ማለልኝ። «ሐኒ ትሙት፣ እግሬን አላስነካም» አለ። በእኔ ሞት ነው የማለው። አንዳንዱ ሰው እንዲህ ዓይነት መሐላ እንደ ሰላምታ ይጥለዋል፣ እኔ ግን ቀልድ አላውቅም። ገባ ማለት ገደለኝ ማለት ነው፤ እንደዚያ ብዬ ነው የተቀበልኩት። የቆመው ጀልባ በኋላ ምን እንደሚሆን አልጠየቅኩም። ለጀልባ ምን ቸገረኝ።

ዘንድሮ መስከረም ሲያልቅ መብሩካ ቡራዩ ድረስ መጣች። እቅፏ ውስጥ በነጠላዋ የተጠቀለለ ነገር አለ። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ስትፈታው የየህያ ጀልባ ነበረች። በሪሁንም ድምፇን ሰምቶ ከክፍሉ መጣ።

«ጠላቂዎቹ እሱን ሲያወጡ አብረው ካወጧት ጀምሮ ቁም ሣጥን ውስጥ ናት» አለች። «በሩን በከፈትኩ ቁጥር ትታየኛለች። በሪሁን፣ አንተ ነህ አብረኸው የሠራሃት። ጠግናት።»

በሪሁን ወለሉን እያየ «መብሩካ፣ ምን ያደርግልሻል?» አላት።

«ስትሄድ ልያት። አንድ ቀን እንኳ አብሬው ሄጄ አላውቅም። እሁድ በመጣ ቁጥር እንደ ሕፃን በመጫወቻ ትጃጃላለህ እያልኩ ስጨቀጭቀው ነው የኖርኩት። ምን እንዳየባት ማወቅ እፈልጋለሁ። አንዴ ልያትና ከዚያ ለፈለጋችሁት ስጧት።»

እምቢ በል እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት። ባሌ ግን ወደ እኔ አላየም። ጀልባዋን ገልብጦ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። ምን እያሰበ እንደሆነ አውቄያለሁ። ያንን ሆድ በስሱ ያለበሰው እሱ ነበር። እሱ ሁለት ድርብ ይሁን ሲል የህያ ትከብዳለች፣ አንድ ይበቃል አለው፣ እሱም እሺ አለ። ዓመት ሙሉ ከእንቅልፉ የሚያነቃው ያ እሺ ነው።

«አጠነክራታለሁ። ድንጋይ ይሰበራል እንጂ እሷ አትሰበርም» አላት።

ካርቦን የሚባለውን ያመጣው ዘርሁን ነው። ዘርሁን ሱሉልታ ስልክ ይጠግናል፤ የህያ ሲሰምጥም አብሯቸው ነበር። ዘመዱ ከዱባይ ስትመጣ አንድ ጥቅል ጨርቅና ሁለት ጠርሙስ ሬዚን ከነማድረቂያው በሻንጣ አስገባችለት። ጨርቁ ጥቁር ነው፣ ያብለጨልጫል፤ ለሠርግ የሚሆን ነገር ይመስላል። በሪሁን በላሜራ መቀሱ ሊቆርጠው ሲሞክር ጫፉ ተበታተነበት። ወደ እኔ መጣ።

«ሐኒዬ፣ አንቺ እኮ የመቀስ ሰው ነሽ።»

«መቀሴን ተዋት።»

«አንድ ጊዜ ብቻ።»

ተሸነፍኩ። የሚቆረጠው መስመር ላይ ፕላስተር ለጥፌ በሰያፍ ቆረጥኩት፤ ጨርቅ በሰያፍ ሲቆረጥ ይለጠጣልና ክብ ነገር ላይ ሳይጨማደድ ይተኛል። የጀልባዋን ሆድ እንደ ደንበኛ ለካሁት። መቀሴ ከዚያ ቀን ወዲህ ሻሽ እንኳን በአግባቡ አይቆርጥም፤ ያኝካል።

በሪሁን ሆዷን በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈገ፣ አቧራውን አነሳ፣ ጓንት አጥልቆ ሬዚኑን በፕላስቲክ ኩባያ በጠበጠ። ለፓራውልት የለመደውን ያህል አንድ ጊዜ አብዝቶ ነው የበጠበጠው። የመጀመሪያውን ጨርቅ አስተኝተን በብሩሽ ስናጠጣው ኩባያው መጋል ጀመረ፤ ይሄኛው ሬዚን ሲበዛ በራሱ ይፈላል ለካ። ቀጥሎ ጨሰ።

«ያዢው! ጫፉን ያዢው፣ ሊደርቅብን ነው!»

«አትጩህብኝ፣ ይዣለሁ!»

«ወደ አንቺ ሳቢው። አይ፣ ወደ አንቺ አልኩ!»

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ልለው ስል ኩባያው ከስሩ ቀለጠና የተረፈው ሬዚን ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ከእግሬ አንድ ጣት ነው የራቀው። እንዲህ ሲሳሳት አይቼው አላውቅም። ስንት ሚኒባስ በዚህ እጁ አልፏል። ሁለተኛውን በትንሽ በትንሹ እየበጠበጠ ጨረሰው።

የተሰነጠቀው ሆዷ ብቻ ነበር። እሱ ግን ጎኗንም አለበሰ፣ አፍንጫዋንም አለበሰ፣ ሲመሽ ደግሞ ክዳኗን አወጣና በትርፉ ጨርቅ እሱንም አለበሰ።

«ክዳኑ ምን ሆነና?» አልኩት።

«ምንም እንዳይሆን ነው።»

በፊት ከኋላዋ ወደ ላይ የቆመች ቀጭን የአንቴና ሽቦ ነበረቻት። ይቺ ናት መጀመሪያ የምትሰበረው አለና ወደ ውስጥ አስገብቶ ከክዳኑ ስር አጣበቃት። አንቴና በፋይበር ስር መደበቅ ለእሱ የዘወትር ሥራ ነው። ያልደበቀበት የሚኒባስ ጣራ የለም፣ ሬዲዮውም ሁሌ ይጮኻል። ካርቦኑ ለእሱ ጥቁር ፋይበር ነበር። ለእኔም ጨርቅ ነበር።

በማግስቱ ሲደርቅ በጥፍሬ መታሁት። የድንጋይ ድምፅ ሰጠ። ሱቃችን ደጃፍ ላይ ሳፋ ሙሉ ውሃ አድርገን አስገባናት፤ እሱ ሪሞቱን ሲነካ ሞተሯ አጓራና ውሃውን በደንበኞቼ ላይ ረጨች። ሰዉ ሳቀ፣ እሱም ከብዙ ጊዜ በኋላ ሳቀ። ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። ያን ዕለት ማታ ግን መሐላውን አስታወስኩት። «ሐኒ ትሙት ብያለሁ እኮ» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

እሁድ ከመብሩካ ጋር ሱሉልታ ስንደርስ ጭጋጉ ተገልጦ ነበር። ከጠዋት ልምምድ የሚመለሱ ሯጮች አስፋልቱን ይዘው ያልፉናል፤ የተበደርናት ላዳ ዳገቱ ላይ እያሳለች ስለሆነ አንዷ ልጅ ዞር ብላ አይታን ፈገግ አለች። ሌሎቹን ባለ ጀልባዎች በሪሁን አልጠራቸውም። ዘርሁን ብቻ ካባው ጋ ጠበቀን። ከሣሩ በላይ ባለች ጉብታ ላይ ደግሞ ጥበቃው ኦቦ ጉደታ ዱላቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ከአደጋው በኋላ ነው ሰፈሩ ልጆች እንዳይገቡ ብሎ የቀጠራቸው፤ እኛ ማን እንደሆንን አያውቁም።

«አካም ቡልተኒ!» አሉን፤ እንዴት አደራችሁ ሲሉ ነው።

«ነጋ፣ አካም ቡልተኒ ኦቦ» አለች መብሩካ። ሰበታ ተወልዳ ያደገች ናት፣ ሁለቱንም ቋንቋ እኩል ትናገራለች።

ዘርሁንን ምሳ ካልጋበዝኩ ብሎ ባሌ ስላስቸገረ ከተማ ደርሰን ስንመለስ ቀኑ ወደ ከሰዓት ዞሯል። አሁን ሳስበው ምሳው ሰበብ ነበር፤ ውሃው ጋ መቆም ፈርቶ ነበር። የፈሩት ይደርሳል ይባላል።

መብሩካ ሣሩ ላይ ነጠላዋን አንጥፋ ተቀመጠች። ከመደብሯ ያመጣችውን ከነልጣጩ የተቆላ ለውዝ በፌስታል መሐላችን አደረገች። እጇ ሥራ ሲያጣ አይወድም። ውሃውን ግን አታየውም ነበር፤ ጫማዋን ነበር የምታየው።

በሪሁን ጎንበስ ብሎ ጀልባዋን አስቀመጠና በእጁ ገፋ አደረጋት። ከዚያ ሪሞቱን ነካ።

አቤት! አፍንጫዋን ከውሃው አንስታ፣ ከኋላዋ ነጭ መስመር እየተወች ሄደች። ዞረች፣ በጎኗ ተኛች፣ ቀና አለችና ደግሞ በረረች። እንደዚያ ጥቁር ሆና በፀሐይ ስታብለጨልጭ፣ ጨርቋን እኔ እንደቆረጥኩላት ረስቼ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። መብሩካ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ይሄ ነው?» አለች። «በአላህ፣ ይሄን ነው ያየው?» እያለቀሰች ትስቅ ነበር።

በሪሁን ድፍረት አገኘ። ወደ መሐል ለቀቃት፣ ከመሐልም አለፈች። የህያ ወደ ቀረበት ገደል አቅጣጫ ስትሄድ አየሁና «ይበቃል፣ መልሳት» ልለው አፌን ስከፍት የሞተሯ ድምፅ ጠፋ። ነጩ መስመር ተቋረጠ። ጀልባዋ በራሷ ፍጥነት ትንሽ ሄደችና ቆመች።

በሪሁን ሪሞቱን ነካ። ደግሞ ነካ። ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ነካ። ዘርሁን ተቀበለው፣ ባትሪውን አየ፣ መለሰለት።

«ሪሞቱ ደህና ነው። አንቴናዋን የት ነው ያደረግከው?»

«ውስጥ።»

«ከካርቦኑ ስር? ክዳኑንም አልብሰኸዋል?»

«ሙሉውን።»

ዘርሁን ራሱን ያዘ። «ቤሪ፣ ካርቦን እንደ ፋይበር አይደለም እኮ። ሞገድ አያሳልፍም። ቅርብ ስትሆን እንደምንም ሰምታሃለች፣ ስትርቅ ጨርሶ አይደርሳትም። ምነው ብትጠይቀኝ?»

ባሌን አየሁት። አመድ ነው የመሰለው። እንዳትሰበር ብሎ ከላይ እስከ ታች የሸፈናት እሱ ነው፤ ያቆማትም ያው መሸፈኑ ነው። ያውም እዚያው ቦታ ላይ፣ ያውም እሷ ፊት።

መብሩካ ቀስ ብላ «ምን ሆነች?» አለች።

«ምንም አይደል፣ ቆማ ነው» አላት ዘርሁን።

«እንደ ያን ቀኑ?»

አንድ ለውዝ ከፌስታሉ አነሳች፣ ፈለቀቀች፣ ልጣጩን እግሮቿ መሐል ጣለች። ደግሞ አንድ አነሳች። ዓይኗ ጀልባዋ ላይ ነው።

እኔ ግን ባሌን ነበር የማየው። ጥቂት ወደ ጎን ፈቀቅ አለና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። የአንዱን ጫማ ማሰሪያ ፈታ። የሁለተኛውንም ፈታ። መብሩካ እንዳትሰማ አጠገቡ ሄጄ ቁጢጥ አልኩ።

«ጫማህን ምን እያደረግከው ነው?»

«ጠጠር ገብቶብኝ ነው።»

«ሁለቱም ውስጥ?»

ማሰሪያውን ማላላቱን ቀጠለ።

«ቤሪ፣ በእኔ ሞት ምለሃል።»

«አውቃለሁ።»

«እያወቅክ ነው?»

«ሐኒ፣ አልገባሽም። ከእንጦጦ በኩል ነፋሱ ተነስቷል። ነፋሱ ያመጣታል።»

«ታዲያ ያምጣታ! ምን ቸገረህ?»

ወደ መብሩካ አየና ድምፁን የባሰ ዝቅ አደረገ። «እሷ እያየች?»

አሁንም አልገባኝም። ዓይኖቹ ቀልተው ነበር።

«ያን ቀንም አመጣት» አለኝ። «ሰዉ ሁሉ ማዶ እየጮኸ፣ ገመድ ፍለጋ እየተሯሯጠ፣ እኔ ደግሞ እዚህ ሣሩ ጋ ስሮጥ ጀልባዋ እግሬ ስር ነበረች። እዚሁ። ገና ጩኸቱ ሳያበቃ። የህያ ቁጭ ብሎ ሲጋራውን ቢያጨስ ኖሮ ትመጣለት ነበር። ለመብሩካ እንዴት ብዬ ልንገራት? ጠላቂዎቹ አወጧት አልኳት። ሁላችንም ሆድ ይፍጀው አልን። አሁን ነፋሱ ፊቷ ላይ ሲያመጣትስ?»

እውነቱን ልናገር። ለአንድ አፍታ ደግ ነገር መሰለኝ። ዋኝቶ ያመጣታል፣ መብሩካም ሰው ካልገባ አትመጣም ነበር ብላ ታምናለች፣ ባሏ የሞተው ለአንድ ነገር ነው ብላ ትኖራለች። ከዚያ ውሃውን አየሁት። ላዩ ፀሐይ ሞቆት የሚጋብዝ ነው። የህያም ሲያየው እንዲሁ ነበር። በሪሁን የሚሽቀዳደመው ከነፋሱ ጋር ነው፣ ነፋሱን ለመቅደም ይቸኩላል፣ ሲቸኩል ይደክማል። በዚያ ጊዜ እኔም ጥቁር ለብሼ አንድ ሰው ቤት ጀልባ ታቅፌ ስሄድ ታየኝ።

ቀበቶውን በሁለት እጄ ያዝኩ።

«ልቀቂኝ።»

«አልለቅም። ትገባለህ፣ እኔን እየጎተትክ ነው የምትገባው። ዋና ደግሞ አልችልም።»

«ሐኒ፣ እያየችን ነው።»

«ታየና!»

ሸሚዙን እየፈታ ነበር። የላይኛው ቁልፍ፣ ቀጥሎ ሁለተኛው። እኔ እጄ ቀበቶው ላይ ስለሆነ መልሼ ልቆልፍለት አልቻልኩም። ተቆጣሁ፣ ፈራሁ፣ ልመታውም ልስመውም አሰኘኝ። ዘርሁን አይቶን ሊመጣ ሲል ከጉብታው ላይ የኦቦ ጉደታ ድምፅ መጣ። ጥሩ ሰው ናቸው፤ ጭንቀታችንን አይተው ሊያጽናኑን ነው።

«ሂን ሶዳቲና! ኒ ዱፋ፣ ኒ ዱፋ!»

አትፍሩ፣ ይመጣል ነው ያሉት። እኔ እንኳ የማላጣው ኦሮምኛ ነው።

የመብሩካ እጅ ፌስታሉ ውስጥ እንዳለ ቆመ።

«ዬሮ ሁንዳ?» አለቻቸው። ሁልጊዜ?

«ዬሮ ሁንዳ፣ ልጄ። ከሰዓት ነፋሱ ወደዚህ ነው። ላስቲኩም፣ ጠርሙሱም፣ የእነዚህ ሰዎች ጀልባም መጥቶ እዚሁ ሣሩ ላይ ነው የሚቆመው። አንድም ቀርቶ አያውቅም። ቁጭ በሉ ዝም ብላችሁ።»

የበሪሁን እጅ ከቁልፉ ላይ ወረደ። ጀልባዋ ጎኗን ለነፋሱ ሰጥታ ወደ እኛ እየመጣች ነበር። አትቸኩልም። አንዳንዴ ትዞራለች፣ አንዳንዴ አፍንጫዋ ወደ ገደሉ ይመለሳል፣ ግን ትመጣለች። አፍ አውጥቼ ሂጂ፣ ተመለሺ ልላት ምንም አልቀረኝም።

ዘርሁን «ቀርባለች፣ አሁን ትሰማ ይሆናል» አለ። በሪሁን ሪሞቱን ከመሬት አፈፍ አድርጎ ነካው። ሞተሯ አንዴ አጓራና አፍንጫዋ ወደ እኛ ዞረ። እየነዳ ሊያመጣት ነው። እኔ ነኝ ያመጣኋት ሊል ነው፤ መዋኘቱ ሲቀር የተረፈችው መላ ይቺ ናት።

መብሩካ ተነስታ መጣችና እጇን ዘረጋች። እሱም እንደ ተያዘ ልጅ ሰጣት።

«ማጥፊያው የትኛው ነው?» ብላ ዘርሁንን ጠየቀችው። አሳያት። አጠፋችው።

«ብቻዋን ትምጣ» አለች።

ተመልሳ ቦታዋ ተቀመጠች። ሪሞቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ለውዟን መፈልቀቅ ቀጠለች። አትበላውም፤ ትፈለቅቃለች፣ ፍሬውን በአንድ እጇ ትይዛለች፣ ልጣጩን ትጥላለች። እኛም ከኋላዋ ቆመን ጠበቅን። የባሌን ቀበቶ አሁንም አልለቀቅኩም። የሚሰማው የልጣጩ ድምፅ ብቻ ነበር።

ጀልባዋ ሣሩን ነካች። ትንሽ ተገፋችና ቆመች። መብሩካ ከተቀመጠችበት ሳትነሳ ብትዘረጋ ትደርስባት ነበር።

አልነካቻትም። እግሮቿ መሐል ያለውን ልጣጭ አየች። አንድ እፍኝ ቢሆን ነው። ፌስታሉ ገና ሙሉ ነበር።

«ይቺን ታህል?» አለች።

ልጣጩን በጫማዋ ገፋችው።

«ይቺን ታህል ነበር መጠበቅ? ለውዝ እንኳ ሳላጋምስ?» ፍሬውን ውሃው ላይ በተነችው። «አንተ ሞኝ! አንተ ችኩል! እኔ ቤት ምሳ አቅርቤ እየጠበቅኩህ፣ አንተ ይቺን ታህል መቀመጥ አቃተህ? የህያ! ይቺን ታህል?»

በቀብሩ ቀን እንኳን እንዲህ አልጮኸችም። ያን ቀን ሁሉም ይዟት ነበር፣ ሁሉም አላህ ያለው ነው ይላት ነበር፣ እሷም ራሷን ትነቀንቅ ነበር። አሁን መሬቱን በመዳፏ እየመታች ባሏን ሰደበችው። ኦቦ ጉደታ ምን አጠፋሁ ብለው ከጉብታው ወርደው፣ ነገሩ ሲገባቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ። እኔ አብሬያት አለቀስኩ። ለየህያ ብቻ አይደለም፣ እጄ ላይ ለቀረው ቀበቶም ጭምር ነው።

ቆይቶ ሲወጣላት በነጠላዋ ጫፍ ፊቷን ጠረገችና ዞር ሳትል ተናገረች።

«ጠላቂዎቹ አይደሉም ያወጧት።»

«አይደሉም» አለ በሪሁን።

«አንተ ነህ ያገኘሃት። እዚህ።»

«እዚህ።»

ራሷን ነቀነቀች። ተነስታ ወደ እኛ ስትመጣ ልትመታው ነው ብዬ ነበር፤ ብትመታው አልከለክላትም ነበር። ግን ፊቱን አላየችም። የተፈታውን ሸሚዝ አየች፣ ቀበቶው ላይ የቀረውን እጄን አየች፣ ቀጥሎ ጫማውን አየች። ማሰሪያዎቹ በሁለቱም በኩል ሣሩ ላይ ተዘርግተዋል።

«እኔ እንዳላይ ነው?» አለችው።

ዓይኑን ወደ ጀልባዋ አሸሸ።

«እኔ እንዳላይ ብለህ፣ ሐኒን እንደኔ ልታደርጋት ነበር?» ድምፇ እንደገና ተሰበረ፣ አስተካከለችው። «ጫማህን እሰር፣ በሪሁን።»

ጎንበስ ብሎ ሞከረ። ጣቶቹ እምቢ አሉት፤ ማሰሪያውን ይይዘዋል፣ ያመልጠዋል። ቀበቶውን ለቅቄ ሣሩ ላይ ተንበረከክሁና እኔ አሰርኩለት። ሁለቱንም ሁለት ሁለቴ ቋጠርኩት።